የሰፈሩ ትልቁ ባትሪ በየኪሱ ነው

መብራት ለጥቂት ሰዓታት ሲጠፋ ሰው ብዙ ነገር ይታገሣል፤ ለቀናት ሲጠፋ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የስልኩ ቻርጅ ነው። ጨለማውን በሻማም በባትሪ መብራትም ማሳለፍ ይቻላል። ለታመመ ሰው እርዳታ የሚጠራበት፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ደኅንነቱን የሚያሳውቅበት፣ መብራቱ መቼ እንደሚመለስ የሚጠየቅበት መሣሪያ ሲዘጋ ግን ቤተሰቡ ከሁሉም ይቆራረጣል። ጥቂት ጎረቤታሞች ሆነን በሶላር ፓነል የሰፈሩን ስልክ ቻርጅ ማድረግ ከጀመርን ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ስንት ዋት ፓነል፣ ምን ያህል ባትሪ ያስፈልጋል ይላሉ። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው እላለሁ፤ ሰዉ ስልኩን የሚያመጣው በስንት ሰዓት ነው?

ለምን እንዲህ እንደምል ሒሳቡ ያስረዳል። ዛሬ በብዛት የሚያዘው ስማርት ስልክ የባትሪው መጠን 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት አካባቢ ነው፤ ይህ በባትሪው ቮልት፣ በ3.85፣ ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ማለትም 19 ዋት የሚበላ ዕቃን አንድ ሰዓት የሚያሠራ ኃይል ነው። ኃይሉ ከምንጩ ተነሥቶ ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ፣ በገመዱ ሲያልፍና በስልኩ ውስጥ ሲከማች በየደረጃው እየባከነ ስለሚሄድ፣ ባዶ የሆነን ስልክ ሙሉ ለማድረግ ከምንጩ 25 ዋት-ሰዓት እንደሚወጣ አድርጎ ማሰብ ይሻላል። በሌላ በኩል ጀርባው ላይ 100 ዋት የተጻፈበት ፓነል ያን ያህል የሚሰጠው በፋብሪካ መለኪያ ነው፤ ማለትም በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበትና የራሱ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። በደጅ ፀሐይ የመታው ፓነል 60 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ከ25 በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪም ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አቧራውና ሌላው ብክነት ሲታከልበት፣ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ100 ዋት ፓነል 350 ዋት-ሰዓት ብናገኝ ደግ ነው። ይህ ለ14 ባዶ ስልኮች ይበቃል። ሰው ግን ስልኩ እስኪዘጋ አይጠብቅም፤ አብዛኛው ከ20 ወይም ከ30 በመቶ ላይ ስለሚያመጣው፣ ያው ኃይል ከ17 እስከ 20 ለሚደርሱ ሰዎች ይዳረሳል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚያስበው 12 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊድ-አሲድ ባትሪ ነው። በወረቀት ላይ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በታች ማውረድ ስለማይመከር በእጃችን የሚገባው 600 ብቻ ነው። ያንን 600 መልሶ ለመሙላት ደግሞ ሲሞላም ሲወጣም የሚባክነውን ጨምሮ 750 ያህል ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህም ለአንድ 100 ዋት ፓነል ሌላ ሥራ ሳይሠራ ከሁለት ቀን በላይ የሚወስድ ሥራ ነው። ክብደቱም 25 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ከዚህ ጎን የ40 ጎረቤቶችን ስልክ እናስቀምጥ፤ እያንዳንዱ 19 ዋት-ሰዓት ሲይዝ በድምሩ 760 ይሆናል። ያ ከባድ ባትሪ ሊሰጠን ከሚችለው ይበልጣል ማለት ነው። ባትሪዎቹ ሊቲየም ናቸው፣ ተገዝተዋል፣ እያንዳንዱም ባለቤትና ጠባቂ አለው። ሰፈሩ ትልቅ ባትሪ የለውም የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ባትሪው በየኪሱ ተበታትኖ ነው ያለው። የሚያስፈልገው ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ወደ አንድ ጠረጴዛ መሰብሰቡ ነው።

የአገልግሎታችን ደንብ ሁሉ የተሠራው ከዚህ ሐሳብ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚመጣ ስልክ ኃይሉን በቀጥታ ከፓነሉ ይወስዳል። ማታ የሚመጣው ግን አስቀድሞ በሌላ ባትሪ ውስጥ ገብቶ የወጣውን፣ በመንገድ የተቀነሰውን ኃይል ነው የሚጠቀመው። ሰው ግን በልማዱ ስልኩን የሚያስታውሰው ሲመሽ ነው። ይህን ልማድ መለወጥ ፓነል ከመጨመር ይከብዳል፤ ውጤቱ ግን ይበልጣል። ቀን ሥራ የሚውሉትን ማታ ባዶ እጃቸውን መመለስ ተገቢ ስላልሆነ ለእነርሱ ፓወር ባንክ ያገለግላል። 10000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተባለው ፓወር ባንክ 37 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ አንድ ስልክ ሞልቶ ለሁለተኛውም ጥቂት ይተርፈዋል። ባለቤቱ ጠዋት ትቶልን ይሄዳል፣ ማታ ሞልቶ ይወስደዋል፤ ስልኩም ቀኑን ሙሉ ከእጁ አልተለየም።

«ታዲያ ባትሪ ጨርሶ ለምን አይቀርም?» የሚል ይኖራል። ይቀራል፤ ነገር ግን ያስቸግራል። ስልኮቹ ፓነሉ ከሚሰጠው በላይ መሳብ ሲጀምሩ፣ ወይም ትንሽ ደመና ሲያልፍ፣ የፓነሉ ቮልት በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ወደ 5 ቮልት የሚለውጠው ዕቃ ይጠፋል፣ ጭነቱ ሲቀርለት መልሶ ይነሣል፣ ስልኮቹ እንደገና ሲስቡ ደግሞ ይወድቃል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ስልኮች አንድ ላይ ቲንግ ይላሉ፣ ስክሪናቸው ይበራል፣ ይጠፋል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደገና ቲንግ ይላሉ። በዚህ ዓይነት አንድ ሰዓት የቆየ ስልክ ስክሪኑ በመብራቱ ብቻ የተቀበለውን መልሶ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ባትሪ በመካከል መግባት አለበት፤ ተግባሩ ለማታ ማጠራቀም ሳይሆን ቮልቱን ደግፎ መያዝ ነው። ለአንድ 100 ዋት ፓነል 20 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ለዚህ በቂ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ከያዘው 80 ወይም 90 በመቶው ቢወጣ አይጎዳም፣ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ሞልቶ ይፈሳል፣ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ ለእሳት የማይቸኩል ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ብርድ ቻርጅ መደረግ ግን የለበትም።

በተቃራኒው ኢንቨርተር አያስፈልግም። 12 ቮልቱን ወደ 220 አውጥቶ፣ በዚያ ላይ የግድግዳ ቻርጀር ሰክቶ መልሶ ወደ 5 ማውረድ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ለራሱ ብቻ በየሰዓቱ በርካታ ዋት-ሰዓት ስለሚበላ፣ በትንሽ ፓነል ለሚሠራ ሰው ይህ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የአንድ ስልክ ድርሻ ነው። ከ12 ወደ 5 ቮልት በቀጥታ የሚያወርዱት በመኪና ውስጥ የሚሰኩት የዩኤስቢ ቻርጀሮች ሥራውን ይሠራሉ። በፓነሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረውን ቻርጅ ኮንትሮለር በተመለከተ ፒ-ደብሊው-ኤም የሚባለው ርካሽ ዓይነት ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል። በ18 ቮልት ላይ ሊሠራ የሚችል ፓነል በ13 ቮልት ስለሚሠራ ከ100 ዋቱ ውስጥ 70 ያህሉ ብቻ ይገኛል። ኤም-ፒ-ፒ-ቲ የሚባለው ልዩነቱን ወደ አምፔር ስለሚለውጠው ሊገዛ የሚችል ሰው ይህን ይምረጥ። በሁለቱም ቢሆን ሲያያዝ ባትሪው ይቀድማል፣ ፓነሉ ይከተላል፤ ሲፈታ ፓነሉ ይቀድማል።

ፓነሉን ስለማቆም ሰው ከሚገምተው በላይ የሚጎዳው ጥላ ነው። የተለመደው የ12 ቮልት ፓነል 36 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዕቃ እንደሚቀባበሉ ሰዎች አንዱ ከቆመ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። ፋብሪካው ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ባይፓስ ዳዮዶችን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የተሸፈነውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ መንገድ የሚከፍቱ ትንንሽ ዕቃዎችን፣ ያስገባል፤ ነገር ግን አንዱ ሴል በጥላ ሲሸፈን ዳዮዱ ከነጎረቤቶቹ 18ቱን ሴሎች ዘሎ ያልፋቸዋል። የሚቀረው 9 ቮልት ያህል ሲሆን በ9 ቮልት ደግሞ የ12 ቮልት ባትሪ አይሞላም። ከፓነሉ ሠላሳ ስድስተኛው እጅ ተሸፍኖ ምርቱ ወደ ምንም ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተረሳ ፎጣ፣ የአንቴና ዘንግ፣ አንዲት ሰፊ ቅጠል ይበቃሉ። አቅጣጫውን ለማስተካከል መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀጥ ያለ እንጨት በፓነሉ መስታወት ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ጥላው ወደ ግራ ቢረዝም ፓነሉን ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ቢረዝም ወደ ታች ማዞር፣ ጥላው ተሰብስቦ ከእንጨቱ ሥር ሲጠፋ መተው ነው። ይህን በየሁለት ሰዓቱ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ በተለይ ይህን ሥራ የወደደ አንድ ልጅ ከተገኘ፣ አንድ ቦታ ተተክሎ ከሚቀር ፓነል በግልጽ የሚበልጥ ኃይል ይገኛል። ተተክሎ የሚቀር ከሆነ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለ ሰው ወደ ደቡብ፣ በስተደቡብ ያለ ወደ ሰሜን ያዙረው፤ ከወገቡ አጠገብ ያለ ሰውም ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ 10 ዲግሪ ያህል ያዘንብለው።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሰጠሁት ነገር ግን ገመድ ነው፤ ስለ ገመድ የሚያወራ ሰው አሰልቺ መሆኑን እያወቅሁ ነው ይህን የምጽፈው። በሰፈሩ ያሉት የቻርጀር ገመዶች ከውጭ ሲታዩ እኩል ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ይለያያል። ኃይል የሚያስተላልፈው የመዳብ ሽቦ 0.32 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው አንድ ሜትር ገመድ፣ ሄዶ ለመመለስ ከ0.4 ኦም በላይ ተቃውሞ አለው። 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.85 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ከ5 ቮልት ተነሥቶ ስልኩ ዘንድ የሚደርሰው ከ4.2 በታች ነው። ስልኩ ደግሞ ቮልቱ ሲወርድበት ምንጩ የደከመ መስሎት የሚስበውን ይቀንሳል። 0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው ገመድ የሚያባክነው ከዚህ ግማሽ በታች ነው። አውራ ጣት የምታክለውን የዩኤስቢ መለኪያ በገመዱና በመሰኪያው መካከል አስገብቶ ቁጥሯን ማየት ነገሩን ወዲያው ያሳያል። በአንዱ ገመድ 1.8 አምፔር የነበረው፣ ስልኩም ቻርጀሩም ሳይለወጥ በሌላው 0.6 ይሆናል። በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት የሚፈጀው በሁለተኛው ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ የተያዘው መሰኪያ ግን ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው እንዲመጡ አንጠይቅም፤ የተለኩ አጫጭር ገመዶች ጠረጴዛው ላይ ታስረው ይቆያሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ እንዲኖራቸው ማስገደዱ እንደኛ ላለ ሥራ ትልቅ ማቅለያ ነው፤ የቆዩት ስልኮች እስኪያልቁ ግን ሦስት ዓይነት ገመድ መያዝ ግድ ነው። ረጅም ርቀት መሄድ ካስፈለገም በ5 ቮልቱ ሳይሆን በፓነሉ በኩል ባለው ከፍ ያለ ቮልት መሄድ፣ ወደ 5 የሚለውጠውንም ከጠረጴዛው ሥር ማስቀመጥ ነው።

ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያዎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ስልክ ሲሰካ በመረጃ ሽቦዎቹ በኩል ምንጩ ምን እንደሆነ ይፈትሻል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተገናኙ ቻርጀር መሆኑን አውቆ እስከ 1.5 አምፔር ይስባል፤ ያን ምልክት ካላገኘ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ መስሎት በግማሽ አምፔር ሊወሰን ይችላል።

መሰኪያ የሚጣበበው ደግሞ በመጨረሻዎቹ በመቶዎች ላይ ነው። የሊቲየም ባትሪ እስከ 80 በመቶ ገደማ በፍጥነት ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀበለው አምፔር እየቀነሰ ስለሚሄድ የቀረው አንድ አምስተኛ ለብቻው ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስልክን ከ80 ላይ መንቀል የባትሪውን ዕድሜም ያራዝማል። ይህን ደንብ ሰዎች መጀመሪያ ላይ እንደ ንፍገት ያዩታል፤ 100 የምትለዋን ቁጥር ሳያይ ልቡ የማያርፍ ጎረቤት በየሰፈሩ አለ።

እዚህ ላይ ጣሪያቸው ላይ ትልቅ ፓነል ያላቸውን ቤቶች ማንሣት ያስፈልጋል። እነርሱ ሊረዱ ይችላሉ ብሎ ሰው ተስፋ ያደርጋል፤ ነገር ግን ከመብራት መስመሩ ጋር የተገናኘ የሶላር ኢንቨርተር መስመሩ ሲሞት ራሱም በ2 ሰከንድ ውስጥ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ይህም መስመር ለመጠገን ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከቤት በሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዳይሞት ነው። ለብቻው እንዲሠራ የሚያስችል ባትሪና መቀየሪያ ከሌለ፣ ጣሪያው በፓነል የተሸፈነው ቤትም ከጎረቤቱ እኩል ይጨልማል። ባትሪ ያለው አንድ የጋራ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየው በፖርቶ ሪኮ፣ በአድሁንታስ ከተማ የሚገኘው ካሳ ፑዌብሎ የተባለ የማኅበረሰብ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፀሐይ ኃይል ሲጠቀም የኖረ ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን መብራት በሙሉ ሲያጠፋ የአካባቢው ሰው ስልኩንና የሕክምና መሣሪያውን ቻርጅ ለማድረግ የሚሄድበት ቦታ ሆነ። በዚያው ማዕበል ማግሥት ከደሴቲቱ የስልክ ማማዎች 95 በመቶ ያህሉ ከሥራ ውጭ ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው አኃዝ ሊዘነጋ አይገባም። ማማዎች የመጠባበቂያ ባትሪያቸው ብዙውን ጊዜ የሚያቆየው ለሰዓታት ነው፤ ማማው ሲሞት ስልኩ ሌላ ለማግኘት አብዝቶ ይፈልጋል፣ ራቅ ያለውን ሲያገኝም ድምፁን ለማድረስ ከፍ ባለ ኃይል ያስተላልፋል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ምንም ያልተነካ ስልክ በግማሽ ቀን የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስልኩን ለሚያስረክብ ሁሉ የምንናገረው ነገር አለ፤ የማይጠቀሙበት ከሆነ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ያድርጉት፣ በየተወሰነ ሰዓት ከፍተው መልእክት ያንብቡ፣ ከመደወል አጭር መልእክት ይላኩ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስልክ ካለ አምስቱም ክፍት ሆነው መዋል አያስፈልጋቸውም።

ወረፋውን በተመለከተ ብዙ ደንብ አላወጣንም። የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የመስሚያ መርጃና እንዲህ ያለ ሕክምና-ነክ ዕቃ ሁልጊዜ ይቀድማል። ባለ ቁልፍ ስልኮች ቀጥሎ ይገባሉ፤ 1000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሆነው ባትሪያቸው 4 ዋት-ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ የአንድ ስማርት ስልክ ድርሻ ለአምስቱ ይበቃል፣ አንዴ ከሞሉም ለቀናት አይመለሱም። የሚይዟቸውም ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለሆኑ ይህ ቅድሚያ ሲያከራክር አላየሁም። ስልኩ ተዘግቶ ወይም በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፍና ያንኑ ቁጥር ባለቤቱ ይዞ ይሄዳል። ጠረጴዛው ጥላ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አብዛኛው ስልክ ቻርጁን ያቆማል። የማንቀበለው ስልክ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ባትሪው ያበጠ። ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝቶ በጣት ማሽከርከር ነው፤ ደህናው ይጎተታል፣ ያበጠው ግን በሆዱ ላይ ይዞራል። ባለቤቱ ቅር ቢለውም እንዲህ ያለውን በሌሎች ስልኮች መካከል ማስቀመጥ አይገባም።

ደመናው ሲበረታ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይለወጣል። ሰማዩ በሙሉ ሲሸፈን ፓነሉ በጠራ ቀን ከሚሰጠው ከአሥር እጅ አንዱን፣ ቢበዛ ሩቡን ይሰጣል። በእንዲህ ያለ ቀን ወረፋውን ለሁሉም አናካፍልም፤ ለሁሉም ሦስት ሦስት በመቶ ማደል ለማንም አይጠቅምም። በአንድ መተላለፊያ ወይም በአንድ ሕንፃ አንድ ስልክ ተመርጦ ይሞላል፤ ባለቤቱም የሌሎቹን መልእክት ይቀበላል፣ ያደርሳል። ማን እንደሚሆን አስቀድሞ፣ መብራት ሳይጠፋ መነጋገሩ ይሻላል፤ በችግር ሰዓት የሚደረግ ምርጫ ቅሬታ አያጣውም።

ባትሪውን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ የሚባለው የ12 ቮልት ባትሪ እንኳ ሁለቱ ጫፎቹ በቁልፍ ወይም በሽቦ ቢነካኩ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊያወጣ ይችላል፤ ያም ሽቦውን አቅልጦ እሳት ያስነሣል። ፊውዝ ከአዎንታዊው ጫፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ መግባት አለበት፤ ገመዱ ካለቀበት በኩል የተቀመጠ ፊውዝ ገመዱን አይጠብቅም። ሊድ-አሲድ ባትሪ ያለው ሰው ደግሞ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ በመኝታ ክፍል አያስቀምጠው። መብራት ተመልሶ ዕቃው ሲሰበሰብ ሊድ-አሲዱ ሙሉ ሆኖ፣ ሊቲየሙ ግን ግማሽ ያህል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በየሁለት ወሩ ይታያሉ። ገመዶቹ ተቆጥረው ይገባሉ፤ ከዕቃው ሁሉ በየቤቱ ቶሎ የሚቀረው የተለካው ጥሩ ገመድ ነውና።